አርክቴክቶች በእጃቸው የሠሩት ግድግዳ

ባለፈው ዓመት በሚያዝያ ወር፣ አንድ እሑድ ጠዋት፣ እንጦጦ ተዳፋት ላይ አንድ ግድግዳ ፈረሰ። ግድግዳውን በገዛ እጃቸው የሠሩት ፈቃድ ያላቸው አርክቴክቶች ናቸው። የተጎዳ ሰው የለም።

ለዜና ቢሆን ከዚህ አይበልጥም። አለቃዬ በማግስቱ ሲጠይቀኝም «የሚጻፍ ነገር የለውም» ብዬው አልፈናል። ግን በጋዜጠኝነት ብዙ ከቆያችሁ ለዜና ያልበቃው ነገር ለወግ ሲተርፍ ታያላችሁ። የትራፊክ ፖሊስ መኪና ገጨ ቢሏችሁ ቆም ብላችሁ አትሰሙም? ዋናተኛ ሊሰምጥ ነበር ቢሏችሁስ? እንግዲያው የአርክቴክቶቹን ግድግዳም ቁጭ ብላችሁ ስሙልኝ፤ ፍጻሜው ከመፍረስ ይሻላል።

ነገሩ የተጀመረው መገናኛ አካባቢ በሚገኝ አንድ አዳራሽ ውስጥ ነው። አርክቴክት የሙያ ፈቃዱን ለማሳደስ በየጊዜው ሥልጠና መውሰድ አለበት። የዚያ ሰሞኑ ሥልጠና ስለ ግንባታ ዕቃዎችና አካባቢን ስለማይጎዳ አሠራር ነበር፤ እኔም ልዘግበው ገብቻለሁ። አዳራሹ ከወለል እስከ ጣራ መስታወት ስለሆነ የጠዋቱ ፀሐይ ገብቶ ጠበሰን። መጋረጃው ይዘጋ ተባለ፤ ተዘጋ፤ ጨለመ። ስለ ተፈጥሮ ብርሃን የተሰጠውን ትምህርት አምፖል አብርተን ተከታተልን።

እንዲህ ዓይነት ሥልጠና ላይ የኖረ ልማድም አለ። ጠዋት በሰዓቱ ትመጣላችሁ፤ ትፈርማላችሁ፤ ጃኬታችሁን ወንበር ላይ ታንጠለጥላላችሁ፤ ከሻይ ዕረፍት በኋላ ወደ ቢሯችሁ ትሄዳላችሁ። ጃኬቱ ግን ይማራል። ከሻይ በኋላ ዞር ብዬ ሳይ አዳራሹ ውስጥ ከሰው ይልቅ ጃኬት ይበዛ ነበር።

አሠልጣኟ ኢንጂነር ትዕግሥት ይህን ልማድ ጠንቅቃ ታውቀዋለች። ስለዚህ የተግባሩን ክፍል ወደ እንጦጦ አወጣችው። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት «እዚያ ታክሲ የለም» አለችኝ። ሌላ ምክንያት አልጨመረችም።

የተመረጠው ቦታ ባሕር ዛፍ ተመንጥሮ የተደለደለ የአንዲት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው። ሰበካ ጉባኤው እዚያ የሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ ሊሠራ አስቧል። ንድፉን ያወጣችው ብሌን የምትባል ወጣት አርክቴክት ናት፤ ልጅ ሆና የዘመረችው በዚሁ ግቢ ነው። ከዚያ በፊት የሌላ ሰው ቢሮ ውስጥ የደረጃ መወጣጫና የሽንት ቤት ዝርዝር ስትስል ነው የኖረችው። የራሷ የሚባል ሕንፃ ቢሠራ ይህ የመጀመሪያዋ ይሆናል። አዳራሹ እንዲሠራ የምትፈልገው መሠረቱ ሲቆፈር ከሚወጣው ከራሱ ከእንጦጦ ቀይ አፈር ነው። አፈሩ ተነፍቶ፣ ጥቂት ሲሚንቶ ተቀላቅሎበት፣ በእጅ በሚጎተት ማሽን ታምቆ ብሎኬት ይሆናል። በእሳት አይተኮስም፤ ከሩቅ አይጫንም።

እንቅፋቱ አቶ ግርማ ናቸው። የሰበካ ጉባኤው ሰብሳቢ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በመንግሥት መሥሪያ ቤት ጨርሰው ጡረታ የወጡ፣ ዝናብ ኖረም አልኖረም ጃንጥላ የማይለያቸው ሰው። ብሌን ሐሳቧን ስታስረዳቸው ሳያቋርጡ ሰሟትና እንዲህ አሏት፦

«ልጄ፣ እኔ ከጭቃ ቤት ለመውጣት ዕድሜዬን ጨረስኩ። አንቺ ደግሞ ልጆቹን መልሰሽ ልታስገቢያቸው ነው?»

ይህ የግትር ሰው ንግግር አይደለም። ክረምት በመጣ ቁጥር ግድግዳ ሲለስን ያደገ ሰው ቢናገረው ያስኬደዋል። ብሌንም አልተከራከረችም፤ ናሙና ግድግዳ ሠርታ ልታሳያቸው ተስማሙ። ጉባኤው አይቶ ካልተቀበለው አዳራሹ በተለመደው ብሎኬት ይሠራል፤ ንድፉም ለሌላ ባለሙያ ይሰጣል። ሥልጠናው እዚያ የወጣው በዚህም ምክንያት ነው፤ ለሠልጣኞቹ ልምምድ ይሆናል፣ ለብሌን ደግሞ ፈተና።

ሠልጣኞቹ በቆዳ ጫማ መጡ። ቢሆንም ማሽኑን መጎተት ሲጀምሩ ደስ አላቸው። በተለይ ሔኖክ። ሔኖክ በእኔ ዕድሜ ያለ ስለሆነ አንተ ነው የምለው፤ በከተማችን ፀሐይ ሲነካቸው ዓይን ከሚወጉት የመስታወት ሕንፃዎች ጥቂት የማይባሉት የእሱ ናቸው። አመጣጡ ለፈቃዱ ብቻ እንደሆነ አልደበቀኝም። ከሰዓት በኋላ ግን እጅጌውን ጠቅልሎ የመጀመሪያውን ብሎኬት ከማሽኑ ሲያወጣ ሕፃን እንደሚያቅፍ ሰው ነበር። ኢንጂነር ትዕግሥት ብሎኬቶቹ ጥላ ሥር በላስቲክ ተሸፍነው ለሳምንታት ውኃ መጠጣት እንዳለባቸው ደጋግማ ተናገረች፤ የግቢው ዘበኛ አየለም ውኃ የማጠጣቱን ሥራ ተረከበ።

አሁን ስህተቱ ላይ ደርሰናል። ገበሬ፣ ግንበኛ ወይም ሸክላ ሠሪ ይህን ስህተት አይሠራም። የምሽቱ ፀሐይ በባሕር ዛፎቹ መካከል ገብታ ግቢውን ወርቅማ ስታደርገው ሔኖክ ላስቲኩን ገለጠና ጥቂት ብሎኬቶች ወደ ብርሃኑ አወጣ። ጥላቸው በአንድ ወገን እንዲወድቅ አድርጎ ደረደራቸው። ፎቶ አነሳ። ሌሎቹም ተከትለው የየራሳቸውን አወጡ፤ ጎንበስ ብለው፣ ተንበርክከው አነሱ። በእውነት የሚያምር ፎቶ ነው፤ እኔም ተልኮልኝ አይቼዋለሁ። ከዚያ አውቶቡሱ ጥሩምባ ነፋ። ሁሉም ሄደ። ብሎኬቶቹ እዚያው ቀሩ።

አየለ በማግስቱ ሲያያቸው የሥልጠናው አካል መሰሉት። የተማሩ ሰዎች አስበውበት ያወጡትን እሱ ምን አገባው። ውኃ ሳይነካቸው ፀሐይ ላይ ሰነበቱ፤ ከብዙ ቀን በኋላ ደመና ሲያይ ወደ ላስቲኩ ሥር መለሳቸው። ስለዚህ አርክቴክቶቹ ሊገነቡ ሲመለሱ ሁሉም ብሎኬት ላስቲኩ ሥር ሆኖ ጠበቃቸው። ግድግዳው ቆመ። ቀጥ ያለ፣ ቀይ፣ ማለፊያ ግድግዳ።

እሑድ ዕለት ጉባኤው ሊያይ መጣ። ሌሊቱን የበልግ ዝናብ ጥሎ ነበር። አቶ ግርማ ዞር ዞር ብለው ካዩ በኋላ ጃንጥላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው መነጽራቸውን ሊጠርጉ ሲሉ ጥጉ ተንሸራተተና ዘጭ አለ። እስከዛሬ ጃንጥላው ነው የጣለው የሚሉ አሉ። ጃንጥላ ግድግዳ አይጥልም። ኢንጂነር ትዕግሥት ከፍርስራሹ አንድ ቁራጭ አንስታ በጣቶቿ ስታሸው ዱቄት ሆነ።

«ውኃ አልጠጣም» አለች።

ሁሉም ወደ አየለ ዞረ። አንዱ ሠልጣኝ ዘበኛ ማመን ድሮም እንዲህ ነው ብሎ አጉረመረመ። አየለ መሬት መሬት ያያል። ብሌን ፊቷ አመድ መስሏል።

«አየለን ተዉት» አለ ሔኖክ። «ከላስቲኩ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ለፎቶ ብዬ።»

«ለፎቶ?» አሉ አቶ ግርማ።

«ብርሃኑ ጥሩ ነበር።»

ከጉባኤው አባላት አንዱ ሳቁን በነጠላው ሸፈነ። አቶ ግርማ ግን አልሳቁም። ኮንክሪት ቢሆን ኖሮስ ብለው ኢንጂነሯን ጠየቋት፤ ኮንክሪትም ውኃ ከተከለከለ እንደዚሁ እንደሚሰነጠቅ ነገረቻቸው። ጥቂት አሰቡና ወደ ብሌን ዞሩ።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«እንደገና ልሥራው ጋሽ ግርማ።»

«ሥሪው። ግን ጣራ የለ፣ ልባስ የለ፤ ባዶውን ክረምቱን ይቁም። መስከረም ላይ ከቆመ አዳራሹ በሱ ይሠራል። ከወደቀ ስለ አፈር ሁለተኛ አታንሺብኝ።»

ፈተናው ፍትሐዊ አልነበረም። የአፈር ግድግዳ ከላዩ ሰፊ ጣራ፣ ከሥሩ ድንጋይ እንዲኖረው ታስቦ የሚሠራ ነው፤ የእንጦጦን ክረምት ራቁቱን ቆሞ እንዲችል ማንም አይጠብቅበትም። ኢንጂነር ትዕግሥት ይህን ልትል አፏን ስትከፍት ብሌን «እሺ» ብላ ጨርሳለች።

ሥልጠናው አብቅቷል፤ ፊርማ የለም፤ ለፈቃድ የሚቆጠር ሰዓትም የለም። ስለዚህ በሚቀጥለው ቅዳሜ ብሌንን ብቻዋን አገኛለሁ ብዬ ነበር የወጣሁት። ሔኖክ ቦት ጫማ አድርጎ አፈር ይነፋል። ጃኬታቸውን ወንበር ላይ ትተው ይጠፉ ከነበሩትም የመጡ አሉ። አንዷ ለምን እንደመጣች ስጠይቃት «ይህን ያህል ዓመት ስስል ከሥራ በኋላ እጄን ታጥቤ አላውቅም ነበር» አለችኝ። ብሎኬቶቹ ጥላ ሥር ቆዩ። ብሌን ከሥራ በፊት በጠዋት እየወጣች ራሷ ታጠጣቸው ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ሔኖክ። ስልኩን ከኪሱ ሲያወጣ አላየሁትም።

አዲሱ ግድግዳ ክረምቱ ሳይገባ ቆመ። ከዚያ ክረምቱ ገባ፤ ያለፈውን ክረምት ታስታውሱታላችሁ፤ በረዶው ሳይቀር። ወደ ግቢው የሚወጣው መንገድ ጭቃ ብቻ ስለሆነ ብሌን ዝናቡ በበረታ ቁጥር ለአየለ ትደውላለች። የአየለ መልስ አንድ ነው፦ «ቆሟል።» ስልኩን ይዘጋል።

መስከረም ላይ ሁላችንም ወጣን። ግድግዳው ቆሟል። ከሥሩ ትንሽ ተልጧል፤ ሌላው ደህና ነው። አቶ ግርማ በመዳፋቸው ዳበሱት፤ በጉልበታቸው ገፋ አደረጉት፤ ከዚያ «እንግዲህ የተባለው ተባለ» ብለው ወደ ስብሰባው ገቡ። ጉባኤው ያለ ብዙ ክርክር ወሰነ። ብሌን ባሕር ዛፍ ተደግፋ አለቀሰች፤ ሔኖክም የሚያየው ነገር ያለ ይመስል ፊቱን ወደ ከተማው አዞረ። መስታወቱን እስካሁን አልተወም፤ ግን ባለፈው ያሳየኝ ንድፍ ላይ የምዕራቡ ገጽ ግድግዳ ነው።

ጥር ውስጥ የአዳራሹን ግንባታ ልጽፍ ወጣሁ። ግድግዳው መስኮቱ ላይ ደርሷል። ብሌን መወጣጫው ላይ ሆና ከግንበኞቹ ጋር ስትነጋገር እኔ ከአየለ ጋር አንድ ግንድ ላይ ተቀምጬ ስለ ክረምቱ አነሳሁ፤ ያ ግድግዳ ያን ሁሉ በረዶ ባዶውን መቻሉ ይገርማል አልኩት።

«ባዶውን?» አለ አየለ። «ዝናብ ባስገመገመ ቁጥር ጋሽ ግርማ ይመጡና ቆርቆሮ እናለብሰው ነበር እኮ፤ ሲያባራ እናነሳለታለን። አንድ ቀን በረዶው እየወረደ ‹ባዶውን ይቁም ያሉት እርስዎ አይደሉም ወይ?› ብላቸው፣ ‹ያልኩትማ እኔ ነኝ፤ በዚያ በኩል ያዝ› አሉኝ።»