የጸሐፊዋን ቪዛ ለማሰረዝ የተጠራ አስቸኳይ የቤተሰብ ስብሰባ

ቀን፦ ቅዳሜ፣ ከምሳ በኋላ፣ ሳህን ታጥቦ እንዳለቀ (ያጠበችው ጸሐፊዋ ናት)።

ቦታ፦ የእማማ ሳሎን፣ ሦስተኛ ፎቅ። የካውያው ጠረጴዛ ከነቬሎው መሀል ላይ ስለነበረ ተሰብሳቢዎች ዙሪያውን ተቀምጠዋል።

የተገኙ፦
እማማ (የባል እናት)፣ ሰብሳቢ
ጋሼ ደንቡ (የእማማ ወንድም)፣ የሕግ አማካሪ። ሕግ አልተማሩም፤ የፍርድ ቤት ጥበቃ ሆነው ጡረታ ወጥተዋል።
ባል፣ አመልካች
ሙሽሪት (የባል እህት)፣ በሚቀጥለው ወር የምታገባ
ምራት፣ ጸሐፊ

ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ጸሐፊዋ፣ ጉዳዩ ራሷን ስለሚመለከት ዛሬ ሌላ ሰው ይጻፍ ብላ ነበር። ባል የእጅ ጽሑፉ ለራሱም እንደማይነበበው፣ ሙሽሪት ጥፍሯን ገና እንደተቀባች፣ ጋሼ ደንቡ መነጽራቸውን እንደረሱ ገለጹ። ስለዚህ ጸሐፊዋ በሥራዋ ቀጥላለች።

አጀንዳ 1፦ የመለያየቱ ጉዳይ

ባል እንዳስረዳው፣ እሱና ሚስቱ ከተለያዩ ሰነባብተዋል፤ እሷ እዚሁ እማማ ቤት ስትኖር፣ እሱ ጓደኛው ቤት ሶፋ ላይ ያድራል። ሚስቱ እዚህ አገር የምትኖረው የእሱ ሚስት በመሆኗ በተሰጣት ቪዛ ስለሆነ፣ ትዳሩ መፍረሱ ለኢሚግሬሽን ይነገርና ቪዛው ይሰረዝ ሲል ጠየቀ። ሰብሳቢዋ ምን አስቸኮለህ አሉት። ሌላ ሴት ለማስመጣት እንዳሰበና የመጀመሪያዋ ፋይል ሳይዘጋ ሁለተኛው እንደማይከፈትለት ተናገረ።

ጸሐፊዋ የሌላዋን ሴት ነገር የሰማችው ገና እዚሁ ስብሰባ ላይ ነው፤ በጣም ከፍቷታል። ይህ ይመዘገብልን ያለ ሰው የለም፤ ተመዝግቧል።

ጋሼ ደንቡ፣ ደንቡ መሀል መንገድ ይፈቅዳል ብለው ተነሡ። ሁለቱ ከሰኞ እስከ ዓርብ ባልና ሚስት ቢሆኑ፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ተለያይተው ቢውሉ፣ ኢሚግሬሽን ቅዳሜና እሁድ ዝግ ስለሆነ ማንም አይደርስበትም አሉ። ባል፣ እንዲያ ከሆነ እራት የሚበላው በየትኞቹ ቀናት እንደሆነ ጠየቀ። ሐሳቡ ለተጨማሪ ጥናት ለራሳቸው ለጋሼ ደንቡ ተመርቷል።

ከረጅም ውይይት በኋላ ትዳሩ መፍረሱ ለኢሚግሬሽን እንዲነገር ተወሰነ። ባልና ጋሼ ደንቡ ደገፉ፤ ሰብሳቢዋ ተቃወሙ፤ ሙሽሪት ቀጣዩን አጀንዳ ሳላይ እጄን አላወጣም አለች። ጸሐፊዋ ድምፅ የላትም።

አጀንዳ 2፦ የቬሎው ጉዳይ

ጸሐፊዋ ቀን ቀን ልብስ ስፌት ቤት ትሠራለች፤ ማታ የሙሽሪትን ቬሎና የሚዜዎቹን ቀሚስ ትሰፋለች። ሙሽሪት፣ የቬሎዋ እጅጌ ገና በስፒል ብቻ የተያዘ መሆኑን፣ የሚዜዎቹም ቀሚስ ጫፉ አለመዘምዘሙን አሳየች። «ትሂድ ካላችሁ ትሂድ፤ ግን ጨርሳ ትሂድ» ስትል አቋሟን አስታወቀች። ባል ከተማው ልብስ ሰፊ ሞልቶታል ቢላት፣ አንተ እስኪ ሱሪህን አሳጥረህ አሳየኝ አለችው። ሱሪው ላይ ጥቂት ሐሳብ ተለዋወጡ፤ ለቃለ ጉባኤ አይሆንም።

ከረጅም ውይይት በኋላ ጸሐፊዋ እስከ ሠርጉ ማግስት ሚስት ሆና እንድትቆይ ተወሰነ። በሠርጉ ፎቶ ላይ ጫፍ ላይ እንድትቆም ተጨምሯል፤ በኋላ ለመቁረጥ እንዲያመች። ጸሐፊዋ በየትኛው ጫፍ እንደሆነ ጠይቃ፣ በቀኝ በኩል ተብላለች።

አጀንዳ 3፦ ለኢሚግሬሽን ማን ይጻፍ

የጋሼ ደንቡን የመኖሪያ ፈቃድ ማሳደሻ የጻፈችው፣ የሙሽሪትንም አዳራሽ ያስያዘችው ጸሐፊዋ ስለሆነች፣ ይህንንም እሷው እንድትጽፍ በሙሉ ድምፅ ሊወሰን ሲል ሰብሳቢዋ ብቻ እጃቸውን አላወጡም። ባል፣ እባክሽ ጥሩ አድርገሽ ጻፊው አላት።

በዚህ ጊዜ ጸሐፊዋ የመናገር ዕድል ጠየቀች። ትዳሩ መፍረሱን ለኢሚግሬሽን ባለፈው ሳምንት በምሳ ሰዓቷ ሄዳ ራሷ እንደተናገረች፣ የሌለ ትዳር አለኝ እያለች መኖር እንዳቃታት ገለጸች። የስፌት ቤቱ ባለቤት በሠራተኝነት ቪዛ እንዲሰጣት እንዳመለከቱላት፣ ከተፈቀደ እንደምትቆይ፣ ካልተፈቀደ እንደምትሄድ አስረዳች። ጋሼ ደንቡ፣ ታዲያ እኛ ከምሳ ጀምሮ ምን ስንሠራ ነው የዋልነው ሲሉ ጠየቁ።

ሰብሳቢዋ ወደ ጸሐፊዋ ዞሩ።

«ለእኔ እንኳ ለምን አልነገርሽኝም?»

«እማማ፣ ልጅዎ ነው። በሁለታችን መሀል ላቆምዎት አልፈለግሁም።»

«መልሱ እስኪመጣ የት ልትሆኚ ነው?»

«ክፍል እየፈለግሁ ነው።»

«ክፍል አለሽ» አሉ ሰብሳቢዋ። በእጃቸው ያሳዩት የልብስ ስፌት መኪናው ያለበትን የጓዳውን ክፍል ነው። ባል፣ እሱስ ጓደኛው ሲሰለቸው የት እንደሚገባ ቢጠይቅ፣ ጓደኛህን ጠይቅ ተባለ።

የማጠቃለያ ውሳኔ፦ በአጀንዳ 1 የተወሰነው፣ ድምፅ የሌላት ሰው ቀድማ ስለፈጸመችው ተሽሯል። በአጀንዳ 2 የተወሰነው፣ ሙሽሪት ራሷ «መሀል ትቁም» በማለቷ ተሽሯል። በአጀንዳ 3 የሚጻፍ ነገር አልተገኘም። ጋሼ ደንቡ ስብሰባው ምንም እንዳልወሰነ እንዲመዘገብ ጠይቀው ተመዝግቧል።

ሰብሳቢዋ ከመነሣታቸው በፊት አንድ እርማት አዘዙ። ከላይ በተገኙት ዝርዝር «ምራት» የሚለው ተሰርዞ «ልጅ» እንዲባል አሉ። ባል፣ እንዲህማ ከሆነ እህቴ ልትሆን ነው ሲል አጥብቆ ተቃወመ። ተቃውሞው ትክክል መሆኑ ታምኖበት ውድቅ ተደርጓል። ጸሐፊዋ እርማቱን ከላይ በዝርዝሩ ሳይሆን ከታች በፊርማዋ ላይ አስገብታለች።

ስብሰባው ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተበትኗል። ጸሐፊዋ ወደ እጅጌው ተመልሳለች።

ቃለ ጉባኤውን የያዘችው፦ የእማማ ልጅ