ደሳለ ስለ ሽልማቱ ስልክ የዘመተው ዘመቻ

ንጽሐፍ እንከ ዜናሁ ለደሳለ፣ የላስታ እንግዳ ተቀባይ፣ የነአኩቶ ለአብ ዋሻ መንገድ መሪ፣ የሰብሌ ባል፤ ስልኩ ከገነተ ማርያም ዳገት ወድቆ በተሰነጠቀ በሁለተኛው ዓመት፣ በወርኃ ጥቅምት፣ ዝናቡ ወጥቶ የእንግዳ ወራት በገባ ጊዜ ያደረገውን እንጽፋለን። ይህ ምኑ ይጻፋል የሚል ካለ እርሱ ስልኩ ደህና ነው።

በዚያ ዘመን የደሳለ ስልክ ፊት ቀኙ ብርሃን፣ ግራው ጨለማ ነበረ። ስለዚህ እንግዳ ሲጽፍለት «እመጣለሁ» የሚለውን ያነባል፣ መቼ እንደሆነ ግን በጨለማው ወገን ይቀራል። እርሱም በግምት ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ይወርዳል፣ በግምት ይመለሳል፤ እንግዳው በእውነት በመጣበት ቀን ሌላ መንገድ መሪ ነጥቆት ይሄዳል። ይህ ነገር በተደጋገመ ጊዜ የቤቱ እመቤት ሰብሌ ከደጃፍ ቆማ እንዲህ ስትል አወጀች፦ «ስማ ደሳለ፣ አልሰማሁም እንዳትል። ለገና እንግዳ ካልያዝክ ይኸን መንገድ መሪነት ትተህ ከወንድሜ ጋር ድንጋይ ትፈልጣለህ። ባዶ እጁን ለሚመለስ ሰው ካሁን ወዲያ ወጥ አላሞቅም።» ደሳለም እጅግ ፈራ፤ ሥራውን ይወደው ነበርና፣ ሰብሌም የተናገረችውን የምታደርግ ነበረችና።

ወእምዝ ገንዘብ በስልክ የሚያስተላልፍ አንድ ድርጅት፣ ስሙን ባንጠራውም ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ በየስልኩ አዋጅ ላከ፦ «ወዳጅዎን ይጋብዙ። ከየከተማው ብዙ ወዳጅ ያስገባ አዲስ ስልክ ይሸለማል። የሚገባ ሁሉ የጋበዘውን ሰው ቁጥር ይጻፍ፤ አንዴ የተጻፈ አይለወጥም።» ደሳለ ይህን በሰማ ጊዜ ክተት ብሎ ጭፍሮቹን ጠራ። በቅዳሜ ገበያም በአብዱልሀሚድ ሱቅ በረንዳ ተሰበሰቡ፦ የበረንዳው ጌታ፣ የሳሙናና የባትሪ ባለሟል አብዱልሀሚድ፤ የባጃጆች ፊታውራሪ፣ ጥሩምባው ከሞተሩ የሚበረታ ኪዳን፤ የጠላ ቤት እመቤት፣ ዱቤ የምትሰጥ ግን የማትረሳ ሸጌ፤ ከኋላቸውም የኪዳን ባጃጅ ነጂዎችና የሸጌ ደንበኞች፣ የቆመውም የተደገፈውም። ቃል ኪዳናቸውም ይህ ነበረ፦ ሁሉም በደሳለ ቁጥር ይገባሉ፣ ስልኩ የደሳለ ይሆናል፤ እርሱም እንግዶቹን በኪዳን ባጃጅ ያሳፍራል፣ ከአብዱልሀሚድ ሱቅ ውኃ ያስገዛል፣ ሲደክማቸው ከሸጌ ቤት ያስቀምጣል። ሁሉም ለወዳጅነት ስንል መጣን ይሉ ነበር፤ ይህንንም ሲሉ እርስ በርሳቸው አይተያዩም።

ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ቁጥሩን ሊጽፍ ጣቱን ባነሣ ጊዜ መሪጌታ ገብረ ሊባኖስ ለእጅ መብራታቸው ባትሪ ሊገዙ መጡ። እኒህ መሪጌታ ለደሳለ የክርስትና አባቱ ናቸው፤ ፊደል ያስቆጠሩትም እርሳቸው ናቸው። ጭፍራው ሁሉ ብድግ አለ። በዚህ ጊዜ ዝም ቢል ድል የእርሱ ነበረች፤ ደሳለ ግን አንድ ሰው ቢጨመር ይሻላል ብሎ ሳሳ፣ ያችንም የመሪጌታን ባለ ቁልፍ ስልክ ተቀበለ። ቁጥሩን ሊጽፍ ሲል ግን የሚያደርገው ነገር ታየው። የክርስትና አባቱን፣ ያን ሁሉ ሽበት፣ ከራሱ በታች ተጋባዥ አድርጎ ሊያስገባቸው ነው! አፉም ከልቡ ቀድሞ እንዲህ ሲል አወጀ፦ «አባቴ፣ እርስዎ ይቅደሙ። እኔ በእርስዎ እገባለሁ።» መሪጌታም እንደ ወጉ «ኧረ ተው ልጄ፣ እኔ ምኔ ነው» ብለው ደጋግመው እምቢ አሉ፤ እንደ ወጉም በመጨረሻ እሺ አሉ።

ደሳለም ግድ የለም፣ እኔ በእርሳቸው እገባለሁ፣ የቀሩት በእኔ ይገባሉ ብሎ ተጽናና። አብዱልሀሚድ ግን አንገቱን ደፍቶ ቆመና እንዲህ አወጀ፦ «ሼህም ይሁኑ መሪጌታ፣ ሽማግሌ ሽማግሌ ነው። እኚህን ቆመው እያየሁ አልፌያቸው በደሳለ ብገባ አላህም አይወደውም። እኔ በእርሳቸው ነኝ።» ከዚህ በኋላ ማን ደፍሮ ይለፋቸው። ኪዳን በእርሳቸው ገባ፣ ሸጌ እጅ ነሥታ በእርሳቸው ገባች፣ ነጂዎቹም ደንበኞቹም ተጋፍተው ገቡ። ደሳለ ለራሱ ጦር መንገድ እየመራ ለሌላ አስገበረው።

ድርጅቱም ቃሉን ጠበቀ፤ በኅዳር፣ በነአኩቶ ለአብ ክብረ በዓል ሰሞን፣ ስልኩ መጣ። መሪጌታ አገላብጠው አዩት፤ ድምፁ ማኅሌቱን እንዳያውክ ብለውም ሳይከፍቱት በነጭ ነጠላ ጠቅልለው ከመጻሕፍቱ ሳጥን ቆለፉበት። በበዓሉም ቀን ሕዝብ በተሰበሰበበት እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «ልጄ ደሳለ በሰው ፊት አከበረኝ፤ እኔም በሰው ፊት እመርቀዋለሁ። ይኸ ስልክ ለማንም አይሰጥ፣ ለማንም አይሸጥ። እኔ ያለፍሁ ዕለት የደሳለ ይሁን።»

እልል ተባለ። ደሳለም ጉልበታቸውን ሳመ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፣ ግማሹ ከፍቅር። ይወዳቸዋልና። ክፋቱም ይኸው ነው፤ ባይወዳቸው ኖሮ መጠበቁ ይቀልለት ነበር። ሰብሌ ከሴቶች መካከል ቆማ መሪጌታን ከእግር እስከ ራሳቸው አየቻቸው፤ ሽማግሌው ዳገቱን ያለ ምርኩዝ እንደሚወጡ አገር ያውቃል።

እነሆ ደሳለ፣ በትሑታን መካከል ኃያል፤ ጋባዥ ሊሆን ወጥቶ ተጋባዥ ሆኖ የተመለሰ፣ ሠራዊቱን ከነትጥቁ ለአባቱ ያስረከበ፣ ለሽማግሌ ክብር የማይሳሳ፣ የተቆለፈበት ስልክ አልጋ ወራሽ! በዚያም ቀን የደብሩ አለቃ ጸሎቱን ሲያሳርጉ እጃቸውን ዘርግተው፦ «የመሪጌታ ገብረ ሊባኖስን ዕድሜ እንደ ማቱሳላ ያርዝምልን» አሉ። ሕዝቡም በአንድ ድምፅ አሜን አለ። ደሳለም አለ፤ ከሁሉ በኋላ ነው እንጂ፣ አለ።