የሰይድ ዓሣዎችና የማፍጠሪያው ውሃ

ሠመራ ላይ የባሕር ዓሣ የሚያረባ ሰው አውቃለሁ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ሰው እዚህ ግመል ያረባል፣ ፍየል ያረባል። ከወሎ መጥቶ ሻይ ቤት የከፈተው ሰይድ ግን ጂቡቲ በሚመላለሱ ሾፌሮች የባሕር ውሃ በጀሪካን እያስመጣ ሁለት ዓሣና ኮራል የሚሉት እፍኝ የማይሞላ የባሕር ፍጥረት ያሳድጋል። የደላው ሰው ከሥር ውሃው የሚጣራበት ሌላ ገንዳ ያስቀምጣል አሉ። ሰይድ ያለችው አንዲት የመስታወት ገንዳ ናት፤ ውሃዋ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይሞቃል።

በረመዳን አንድ ቀን ከሰዓት መብራት ጠፋ፤ ገንዳዋን የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ ቆመና ውሃው ሞቀ። ዓሣዎቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍቱ ጀመር። ሰይድ ፍሪጁን ከፍቶ፣ እኛ ደንበኞቹ ለማፍጠሪያ ያስቀመጥናቸውን በረዶ የሠሩ ጠርሙሶች እያየ ቆመ። በዚያ ሙቀት የጾመን ሰው በረዶውን ስጠኝ ማለት ቀላል ይመስላችኋል?

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ትጠብቃለህ?» አሉ ሽማግሌው ሐጂ ዓሊ፤ ጠርሙሳቸውን ከነክዳኑ ገንዳው ውስጥ ከተቱት። ሁላችንም ተከተልን።

ዓሣዎቹ ተረፉ። የማፍጠሪያው ሰዓት፣ መግሪብ፣ ሲደርስ ግን የጠርሙሶቹ ውሃ ለብ ብሏል።

«ሞቀባችሁ፣ አይደል?» አለ ሰይድ።

«ኧረ በረዶ ነው!» አልን እየጠጣን።

አንድም ጥርስ የሌላቸው ሐጂ ዓሊ ደግሞ ጉንጫቸውን ይዘው፣ «ጥርሴን ጠዘጠዘኝ እኮ!» አሉ።