የኮሚቴው አውራ ጣት

አንድን ቀበሌ ከሙዝ መጠበቅ ቀላል ኃላፊነት አይደለም። ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ሙዝ ከሰው ይበዛል፤ እስከዚያች ቅዳሜ ድረስ ግን አንዱም ተጠርጥሮ አያውቅም ነበር።

ያን ቀን የማናልሞሽ ልጅ ሐሴት ለትምህርት ቤቷ የሳይንስ ትርኢት ስትዘጋጅ የበሰለ ሙዝ ፈጨች፤ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና ጨው ጨመረችበት፤ አጥልላም ቀዝቃዛ አረቄ በቀስታ አፈሰሰችበት። ነጭ ክር የመሰለ ነገር ተንሳፈፈ።

«ይሄ ዲኤንኤ ነው፣ እማዬ። ሙዝ ሙዝ የሚሆነው በዚህ ነው።»

«መልሰሽ ክተቺው!» አለች ማናልሞሽ ደንግጣ።

ጎረቤቷ አሰጋሽ በአጥር በኩል አይታ ኖሮ ወሬው «የሙዝ ነፍስ አወጡ» ተብሎ ገበያ ደረሰ። ቀበሌውም በሚያስመሰግን ፍጥነት አጣሪ ኮሚቴ አቋቋመ። ቧንቧው ከደረቀ ሦስት ወሩ ነው፤ ለእሱ ኮሚቴ ገና አልተቋቋመም። ሁሉም በተራው ነው።

ሰኞ ሊቀ መንበሩ አቶ ዓለምሰገድና ጸሐፊው አቶ ሸምሱ ከተፍ አሉ። የተረፈው ሙዝ ተበልቶ አልቋል፤ ጠረጴዛው ላይ ግን የተቀቀለ ድንች ቁራጭ የያዙ ብልቃጦች ተደርድረዋል።

«የታጠበ እጅና ያልታጠበ እጅ ሲነካው ምን እንደሚበቅልበት ለማየት ነው» አለች ሐሴት።

«ጉዳዩ እስኪጣራ ለአንድ ሳምንት ይታሸግ!» አሉ ሊቀ መንበሩ። ማኅተሙ ግን ቴፒ ለሥልጠና የሄደው ሰው መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል። ታላቅ መሪ በማኅተም እጦት አይበገርም። «በአሻራ እናሽገዋለን!»

ማናልሞሽ ከጣሪያ ያጠራቀመችውን ውኃ በማስታጠቢያ ይዛ ቀረበች። «መጀመሪያ እጃችሁን ላስታጥባችሁ።»

«ልንበላ አልመጣንም! ሥራ ላይ ነን» ብለው ሊቀ መንበሩ አውራ ጣታቸውን ድንቹ ላይ ተጫኑ። ጸሐፊውም ተከተሉ። ሐሴት ሳቋን ዋጥ አድርጋ ስማቸውን በወረቀት ጽፋ በየብልቃጡ ላይ ለጠፈች።

«አንቺም አሻራሽን አኑሪ» አሏት ሊቀ መንበሩ ማናልሞሽን።

«ስሜን መጻፍ እችላለሁ እኮ» አለች ማናልሞሽ። ዘንድሮ የጎልማሶች ትምህርት ገብታ ከአሻራ የተገላገለች መስሏት ነበር።

«ድንች ብዕር አይቀበልም» አሉ ጸሐፊው።

እጇን እንደ ልማዷ ታጥባ ተጫነች። ሳምንቱን ሙሉ እህል አልወረደላትም። ኮሚቴው ጥፋተኛ ካላት ልጅቷ ከትርኢቱ መቅረቷ ነው።

በስምንተኛው ቀን ተከፈተ። አንዱ ድንች አረንጓዴ ጢም አውጥቷል። ሁለተኛው ጠቁሮ ቢጫ ነጠብጣብ ጥሎበታል። ሦስተኛው እንደተቀቀለ ነው።

«ጢም ያወጣው የማነው?» አሉ ሊቀ መንበሩ።

ማናልሞሽ ብልቃጡን አንስታ፣ አስተማሪዋ እንዳሳየቻት ጣቷን ፊደሉ ላይ አሳረፈች። «ዓ... ለም... ሰ... ገድ።»

ሊቀ መንበሩ አውራ ጣታቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ።

«ልድገመው?»

«አይደገም!»

ኮሚቴው በረንዳ ላይ መክሮ ተመለሰና ጸሐፊው ውሳኔውን አነበቡ። «አንደኛ፣ ጥፋቱ የድንቹ ነው። ሁለተኛ፣ ወይዘሮ ማናልሞሽ ብቻዋን እጇን በመታጠብ ውጤቱን አዛብታለች። ሦስተኛ፣ ድንቹ ከዚህ ቤት አይወጣም። በይ አሻራሽን አኑሪ፤ ያሸጉት ሁሉ ካልተስማሙ ውሳኔው አይጸናም።»

«መጀመሪያ ላንብበው።»

«አነበብንልሽ እኮ!»

«ትምህርቴን ልለማመድበት ብዬ ነው፣ ጌታዬ።»

ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ከዚያ ብዕሩን ተቀብላ ከሥር ጻፈች፦ «አልስማማም። እጄን ታጥቤያለሁ። ማናልሞሽ።»

ጸሐፊው ሊቀ መንበሩን አዩ፤ ሊቀ መንበሩ ድንቹን አዩ። ሐሴት ብልቃጦቹን በዘንቢል መደርደር ጀመረች።

«ስሙን... ስሙን እንኳ ልጠሽ ውሰጂው» አሉ አቶ ዓለምሰገድ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ማጣበቂያው ጠንካራ ነው፣ ጋሼ።»

አቶ ዓለምሰገድ ነገሩን ለማብረድ ፈገግ አሉና ለስንብት እጃቸውን ለማናልሞሽ ዘረጉላት። እሷም ከወገቧ ጎንበስ ብላ፣ በሙሉ አክብሮት፣ የእጃቸውን አንጓ ጨበጠች።