የኖርዝ ላስ ቬጋሱ የስኳር ሚኒስትር

ሐበሻ በተሰበሰበበት ከተማ ሁሉ፣ ማንም ሳይሾመው የሰውን ጤና የሚቆጣጠር አንድ ሰው አይጠፋም። የእኛው፣ የኖርዝ ላስ ቬጋሱ፣ ክቡር የስኳርና የመርፌ ጉዳይ ሚኒስትር ጋሽ ፈድሉ ናቸው። ከኤርፖርት ወደ ሆቴል መንገደኛ ሲያመላልሱ የኖሩ ሾፌር ነበሩ። ነበሩ ያልኩት ስኳሩ ዓይናቸውን እያደከመ መሪውን ስላስለቀቃቸው ነው። ከሚኒስትርነቱ ግን የሚያወርዳቸው አልተገኘም።

ክቡርነታቸው እንደ ሰው "እንዴት ነህ?" አይሉም። "ስንት ወጣህ?" ነው የሚሉት፤ የደም ስኳር መለኪያው ያሳየውን ቁጥር መጠየቃቸው ነው። ሠርግ ቤትም ሆነ ለቅሶ ቤት፣ ስኳር ያለበትን ሰው በድምፁ ለይተው ይጠሩታል። "አልለካሁም" ያለ ሰው ከዚያ በኋላ የያዘው ምግብ አይጣፍጠውም። እኔም ስኳር እንዳለብኝ ከተነገረኝ ጀምሮ፣ በጓሮ በር ሹልክ ማለትን እንደ እኔው ስኳር ካለበት ከጓደኛዬ ከኤልሳዕ ተምሬያለሁ።

ታክሲ ነጂው አድናን አንድ ቀን የስኳር መለኪያ መሣሪያዬ ተበላሽቶብኛል ብሎ መጣ።

"ዝም ብሎ ይቀባጥራል ጋሽ ፈድሉ። አንዴ ሰማይ ያወጣኛል፣ አንዴ መሬት ያወርደኛል።"

"ደሙን የምታስነካውን ስትሪፕ የት ነው የምታስቀምጠው?"

"መኪና ውስጥ፣ ዳሽቦርዱ ላይ።"

"በዚህ በቬጋስ ሐምሌ?" አሉ። "ልጄ፣ አብስለኸዋል እኮ። መሣሪያው ምን ያድርግህ?"

ኤልሳዕ ደግሞ የወጣለትን ቁጥር አይቶ፣ ልሞት ነው እያለ ደወለ። ክቡርነታቸው መጀመሪያ የጠየቁት እጁን መታጠቡን ነው። ማንጎ ሲልጥ እንደነበረ ተናዘዘ። "እንግዲያው የለካኸው ማንጎውን ነው። በሳሙና ታጠብ፣ በደንብ አድርቀው፣ አዲስ መርፌ አውጣ፣ የጣትህን ጫፍ ተውና ጎኑን ውጋ" አሉት። ኤልሳዕ እስከ ዛሬ በሕይወት አለ፤ ማንጎም ይበላል።

የመርፌው ጉዳይ ግን ቀልድ የለበትም። ባለቤታቸው እትዬ ናጃት ዳውንታውን አንድ ሆቴል ውስጥ ክፍል ያጸዳሉ። ቆሻሻ ሲሰበስቡ አንድ እንግዳ እንዲሁ የጣለው መርፌ ወጋቸው። በሽታ ተላልፎባቸው እንደሆነ ለማወቅ ለወራት ደም እየሰጡ ውጤት ሲጠብቁ ቤቱ ውስጥ የሚስቅ ሰው ጠፋ። አልሐምዱሊላህ ንጹሕ ወጡ። እዚያው የጭንቀት ሰሞን ግን የራሳቸውን ወጥ ቤት ቆሻሻ ሲያወጡ የባላቸውን መርፌ አገኙ። አልጮሁም። "ፈድሉ፣ ይህን ከረጢት የሚያነሳውም የሰው ባል ነው" ብቻ አሉ።

ከዚያ ወዲህ ጋሽ ፈድሉ ያገለገለ መርፌ የሚጠራቀምበት ባዶ የፈሳሽ ልብስ ሳሙና ጠርሙስ ለቃሚ ሆኑ። ወፍራሙ፣ ባለ ጠባብ ክዳኑ ነው የሚፈለገው። የውሃ ጠርሙስ ያቀረበ ሰው "መርፌ ይበሳዋል" ተብሎ ይባረራል። ጠርሙሱ ልጅ ከማይደርስበት ቦታ ይቀመጣል፣ አፉ ድረስ ሳይሞላ ይከደናል፣ በፕላስተር ይታሸጋል፣ መርፌ እንዳለበት ይጻፍበታል፣ ዳግም ለሥራ ከሚውለው ከሪሳይክሉ ቆሻሻ ጋር አይገባም። የእኔ ቤት ጠርሙስ ላይ ያለው ጽሑፍ የእርሳቸው ነው። ፊደሎቹ ከመስመር ወጥተው ወደ ታች ይወርዳሉ።

ባለፈው ወር ለዓይን ሐኪም ቀጠሮ ስወስዳቸው፣ ፓርክ አድርጌ ሞተሩን ሳላጠፋ፣ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ።

"ዘሪሁን፣ እኔ እኮ ስለካ የኖርኩት ረመዳን ላይ ነው። ያውም ከአሱር ሶላት በኋላ፣ ቀኑን ሙሉ ሳልበላ ውዬ። ቆንጆ ቁጥር ይመጣል። ካፈጠርኩ በኋላ፣ ተምሩንና ሳምቡሳውን ከጨረስኩ በኋላ፣ አንድም ቀን ቼክ አላደረግሁም። ሐኪሙ መሣሪያውን ከፍቶ ሲያይ ጎበዝ ይለኛል። የሦስት ወሩን ስኳር አንድ ላይ የሚያሳየውን የደም ምርመራ ደግሞ የሥራ ሺፍት አለብኝ እያልኩ አስቀረሁት።"

"እትዬ ናጃትስ አልጠየቁዎትም?"

"ያን ቆንጆ ቆንጆውን አሳያታለሁ፣ ደስ ይላታል። አንድ ሰው፣ አንድ ነገረኛ ሰው፣ ምሳ ላይ ይዞኝ አሁን ስንት ወጣህ ቢለኝ ኖሮ... አሁንማ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ።"

ሞተሩን አጠፋሁ። ያ ነገረኛ ሰው በጊዜው አለመገኘቱ እስካሁን ይቆጨኛል።

የዓይን ሐኪሙም የጠፋውን ብርሃን መመለስ አይቻልም፣ የቀረውን ለማቆየት እንሞክር አላቸው። ቤት ስንመለስ ታጥበው ተቀመጡና ጣታቸውን ወጉ። መሣሪያውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፣ አራቁት፣ በመጨረሻም ወደ እኔ ገፉት።

"ስንት ወጣሁ?"

ቁጥሩ ከፍ ያለ ነበር። ዝቅ አድርጌ ልነግራቸው አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

"እንዳታሳምርልኝ።"

እንዳለ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። መርፌውን ወደ ጠርሙሱ ሲወስዱት አፉን ሳቱት፤ ደግመው ሞከሩ፣ ሳቱት። ለማንም አስነክተውት የማያውቁትን መርፌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና "አንተ ጨምረው፤ ክዳኑንም አጥብቅ" አሉኝ። አጠበቅኩ። ሹመት እንዲህ በጸጥታ እንደሚተላለፍ አላውቅም ነበር።

እሑድ የአድናን እህት ሠርግ ላይ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። ኤልሳዕ ሳህን ላይ ማር የጠገበ ባቅላባ ከምሮ ሲያልፍ አየሁትና ሳላስበው "ስንት ወጣህ?" አልኩት። ደነገጠ። ሳህኑን በናፕኪን ሸፈነና የጓሮውን በር ያዘ።

"ማን ነው የሸሸው?" አሉ ጋሽ ፈድሉ።

"ኤልሳዕ ነው። ባቅላባውን እንደ ሕፃን አቅፎ ሄደ።"

ከት ብለው ሳቁ፤ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ። ከዚያ ወደ በሩ ዞረው ቆዩ።

"ምነው ባየሁት" አሉ።