ለጦጣው ማን ይላጭ?

[ሕንድ አገር፣ ማልዋ፣ የመንደራችን ቤተ መቅደስ ደረጃ። ፊተ ጥቁሩ ሽማግሌ ጦጣ ኤሌክትሪክ ይዞት ሞቷል፤ ብጫ አበባ ለብሶ ተጋድሟል። በኛ ልማድ ጦጣ እንደ ሰው ይሸኛል፤ ሬሳው ሳይነሳም አንድ ወንድ እንደ ልጅ ሆኖ የገዛ ጸጉሩንና ጢሙን ይላጭለታል። ባሌ ኦንካር ግን ወይ ፍንክች ብሏል። ጸጉር ቆራጩ ጌንዳላል አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ ያየዋል፤ የመንደሩ ሽማግሌዎች ዙሪያውን ተቀምጠዋል። ያኔ የኦንካር የላይ ከንፈር ጢም ግራና ቀኝ ሁለት ሎሚ ያስቀምጥ ነበር።]

ኦንካር፦ አልላጭም አልኩ፣ አልላጭም። እሑድ የወንድሜን ልጅ ለሠርጉ የማጅበው በዚህ ጢም ነው።

ጌንዳላል፦ እውነትዎን ነው ዳዳ፣ ጋሼ። ደግሞስ ጦጣ ምንዎ ነው? የድመት ወገን።

ኦንካር፦ የማን?

ጌንዳላል፦ የድመት። ዛፍ ይወጣል፣ ጭራ አለው፣ ማጀት ገብቶ ይሰርቃል።

ኦንካር፦ ጭራማ እንሽላሊትም አላት። አንተ መቼም ከጸጉር በታች ያለውን አታውቅም። እንሽላሊት እንቁላል ትጥላለች፤ ድመትና ጦጣ ወልደው ያጠባሉ።

ጌንዳላል፦ የቤታችን ጎሽም ታጠባለች።

ኦንካር፦ የሚያጠባ ሁሉ አንድ ጎሳ ነው። የሌሊት ወፍ ሳትቀር።

ጌንዳላል፦ [ዛፉ ላይ ወደተንጠለጠሉት የሌሊት ወፎች አንጋጦ] ተዘቅዝቃ? ወተቱ አይደፋም?

ኦንካር፦ ወተቱን ተወውና ዝምድናውን ያዝ። ዓሣ የሩቅ ሩቅ ነው፤ ለሠርግ የማይጠሩት ዓይነት። ወፍና እንሽላሊት ትንሽ ወዲህ ይላሉ። ጎሽ፣ ድመት፣ አይጥ የጎሳችን ናቸው። ጦጣ ግን የአንድ ግቢ ነው።

ጌንዳላል፦ ከድመት ጋር?

ኦንካር፦ ከኛ ጋር፣ አንተ ድንጋይ። ና እጁን እይ።

[ኦንካር የሟቹን እጅ አንስቶ በራሱ መዳፍ ላይ አጋደመው። ሽማግሌዎቹ ጠጋ ጠጋ አሉ።]

ኦንካር፦ አውራ ጣት አለው? አለው። ጥፍሩ እንደኔ ጠፍጣፋ ነው? ነው። ድመትህ እንዲህ ያለ እጅ አላት?

ጌንዳላል፦ የላትም። ግን ጭንቅላቴ ደንቆሮ ነውና ዳዳ፣ አንዴ ይድገሙልኝ። ጎሽ፣ ድመትና እርስዎ ተሰልፋችሁ ብትቆሙ፣ ለሟቹ ቅርቡ ማን ነው?

ኦንካር፦ እኔ ነኛ።

ጌንዳላል፦ ከሽማግሌዎቹ የአንደኛው ጆሮ ከበድ ይላል።

ኦንካር፦ [ጮክ ብሎ] የሟቹ የቅርብ ዘመድ እኔ ነኝ አልኩ።

[ጌንዳላል ምላጩን ዘረጋ። ሽማግሌዎቹ ውኃ አቀረቡ፤ አንደኛው "እግዜር ያጽናህ" አለው።]

ኦንካር፦ ቆይ፣ ቆይ። አንተስ ሰው አይደለህም? እኩል ትዛመደዋለህ።

ጌንዳላል፦ እኔ የድመት ወገን ነው ብያለሁ፤ አገር ሰምቷል። ጠዋት ሽማግሌዎቹ "ዘመድ ካላገኘህለት አንተው ትላጫለህ" ብለውኝ ነበር። ጢም ያለው እርስዎ ብቻ ነዎት እንዴ? የኔም ያሳሳኛል። ጎንበስ ይበሉ። ለተላጨው ራስዎ የእሑዱ ጥምጥም አለ፤ ከንፈርዎን ግን እንጃ።

[ጢሙ ወረደ። ያቺን ከንፈር ያየኋት አንዴ፣ አባቱ ሞተው የተላጨ ጊዜ፣ ሁለታችንም ገና አፍላ ሳለን ነው። ሌላው ፊቱ ሁሉ አርጅቶ እሷ ብቻ ጎረምሳ ሆና ቆየችኝ። ዓይኔን መንቀል አቃተኝ።]

ኦንካር፦ አንቺ ደግሞ ምን ታያለሽ?

እኔ፦ ዝምድናውን።