ከማንኪያ እስከ «ያ ነገር»

ጅቡቲ ውስጥ ቃል ጠፋኝ ብሎ የሚያፍር ሰው አያገኙም። አማርኛው ቢያልቅብዎ ፈረንሳይኛው አለ፤ እሱም ቢለግም ሶማሊኛው ይደርስልዎታል። እንዲያውም ሦስቱን ቀላቅሎ የሚያወራ ሰው እኛ ሰፈር፣ ካርቲየ 6 ውስጥ፣ አንደበተ ርቱዕ ይባላል እንጂ ሐኪም ቤት ሂድ የሚለው የለም። እኔም ይህን እንደ በረከት ስቆጥረው ኖሬያለሁ። አሁን ግን እፈራዋለሁ።

ታላቅ ወንድሜ ጋሼ መኮንን ወደብ ላይ የሰው ዕቃ ሲያስፈታ የኖረ ትራንዚተር ነው። በአምስት ቋንቋ ይከራከር፣ በአምስቱም ይረታ ነበር። ታዲያ አንድ ቀን ምሳ ላይ «ኩዬሩን አቀብይኝ» አለኝ። ማንኪያ በፈረንሳይኛ መጥራቱ ነው ብዬ አቀበልኩት። ሰነባበተና በሶማሊኛ «ቃዶ» አለው፤ አሁንም አቀበልኩት። በመጨረሻ «ያ... ያ ነገር» ሆነ። ምን ላድርግ፣ አቀበልኩት! እኛ ቤት ማንኪያው ይድረስ እንጂ ስሙን ማን ይጠይቃል? ሰውዬው ዓይናችን እያየ ቋንቋውን ሲቀማ እኛ ጨዋታ መስሎን እንስቅ ነበር። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል ማለት ይኸው ነው።

ቃል የሚነጥቀውን ይህን በሽታ ብዙ ቋንቋ በሚናገሩ ሰዎች ላይ የምታጠና ሐኪም ከአዲስ አበባ መጣች ሲሉኝ ወንድሜን ይዤው ሄድኩ። በግንባርና በጆሮ ግንድ በኩል ያለው የአንጎል ክፍል እየሟሸሸ ሲሄድ፣ አንዳንዱን ሰው ቀድሞ የሚከዳው ቃል ነው አለችኝ። መድኃኒት አልተገኘለትም። ቀጥላም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ በአንዳንድ ቤተሰብ በዘር እንደሚተላለፍ ነገረችኝና «ለማነጻጸር ያህል እርስዎንም ልይዎት?» አለች።

ምን ገዶኝ! ሥዕል አሳየችኝ።

«ኤጉዊይ» አልኩ በፈረንሳይኛ።

«በአማርኛስ ምን ይሉታል?»

እኔ እኮ ልብስ ሰፊ ነኝ። መርፌ መሆኑን አሁን ስጽፈው ይቀለኛል፤ ያን ጊዜ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ከጣቴ ያልተለየው ዕቃ ስም አልባ ሆነብኝ። ሶማሊኛው መጣ፣ ዐረብኛው መጣ፣ አማርኛው ቀረ። የከተማው ልማድ ነው ልላት ፈለግሁና ተውኩት። ልማድ ይሁን በሽታ በምን ይለያል?

ሁለት ቃል ማገጣጠም ካቃተው ወራት ያለፉት ወንድሜ ይህን ጊዜ እጁን ጉልበቴ ላይ ጣል አደረገ።

«እኔንም... እንዲህ ነው... የጀመረኝ» አለኝ።

አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ከአፉ እንድሰማ ለቁልቢ ገብርኤል ተስዬ ነበር። ስለቴ ሰመረ።